ኮሶ ወይስ ክኒን? በቅዳሜ ገበያና በፋርማሲ መሃል ለቆመ ሰው

ባለፈው ሰሞን የሰፈራችን እትዬ ፋርማሲው በር ላይ ቆመው "አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ኮሶዬን ልጠጣ ወይስ ያንን ክኒንህን ልዋጥ?" አሉኝ። በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ቀይ አበባ። ከቅዳሜ ገበያ መምጣታቸው ነው። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እኔን ማየት ጀመረ። ክኒን ሻጭ ስለሆንኩ ምን እንደምል ያወቁት መስሏቸዋል መሰለኝ።

እኔ ግን ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ጎንደር ላይ ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በአንድ በኩል የቅዳሜ ገበያ ሴቶች አሉ። ጤና አዳሙን፣ ዳማ ከሴውን፣ ፌጦውን፣ መቅመቆውን፣ ጥቁር አዝሙዱን ደርድረው የቱ ለምን እንደሚሆን ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተከፍቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም አለ፤ ሐኪሙንም ነርሱንም ሲያስተምር ሰባ ዓመት አለፈው። ደብተራውም የእጽ መጽሐፉን ይዞ ከከተማው አልጠፋም። ሰዉ ከሦስቱም ይቀምሳል። እናም ለእትዬ የነገርኳቸውን፣ ወረፋው ስለረዘመ ደግሞ ያልነገርኳቸውን፣ እዚህ ልጻፈው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሰዉ "የሐበሻው ተፈጥሮ ነው፣ የፈረንጁ ኬሚካል ነው" ይላል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። መደርደሪያዬን ብትፈትሹት ግን ግማሹ የዱር ዘር አለው። አስፒሪን የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከአኻያ ልጣጭ ነው፤ እዚህም ወንዝ ዳር ከሚበቅለው የአኻያ ወገን። ልጣጩ ትኩሳት እንደሚያበርድ ሰው ከጥንት ያውቅ ነበር፤ በ1897 የባየር ኬሚስቶች ለሆድ ትንሽ እንዲለዝብ አድርገው ሠሩት። የስኳር ሕመምተኞች የሚውጡት ሜትፎርሚን መነሻው ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ አበባ ነው። ለደም ብዛት የምሰጠው ኢናላፕሪል ደግሞ ታላቅ ወንድም አለው፤ ካፕቶፕሪል ይባላል፤ እሱ የተገኘው የብራዚል እባብ መርዝ እንዴት የነደፈውን ሰው የደም ግፊት እንደሚያወርድ ሲጠና ነው። እባብ! ይህን የነገርኳቸው አንድ ሽማግሌ ክኒኑን መልሰው ሊሰጡኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ፔኒሲሊን ሻጋታ ነው፤ ፍሌሚንግ በ1928 ሳይፈልገው ያገኘው ሻጋታ። በክልላችን ለትራኮማ ቤት ለቤት የሚታደለው ዚትሮማክስ ከፊሊፒንስ አፈር ከተገኘ የባክቴሪያ መድኃኒት ተሻሽሎ የወጣ ነው። ከመተማና ከሁመራ በኩል ካላዛር (የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው በሽታ) ይዟቸው ለሚመጡ ሰዎች ከሚሰጡት መርፌዎች አንዱ፣ ፓሮሞማይሲን፣ እሱም የአፈር ባክቴሪያ ልጅ ነው። ስለዚህ "ተፈጥሮ ወይስ ሳይንስ" ብሎ መምረጥ ብዙም አያስኬድም።

ታዲያ ሳይንሱ ምን ጨመረ? ልክ ጨመረ። ቅጠሉ ውስጥ ካለው መቶ ነገር የሚሠራውን ለየ፣ መዘነ፣ ሰው ላይ ሞከረ፣ ስንቱ እንደሚያድንና ስንቱ እንደሚገድል ጻፈ። ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድኃኒት አለ፤ ከአበባ ተክል ቅጠል ነው የሚወጣው። ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1785 ስለ ተክሉ ዘመድ የጻፈው አሁንም ይነሣል። የሚያድነው መጠንና የሚገድለው መጠን በጣም ይቀራረባሉ። አንዱ ቅጠል ደካማ፣ አንዱ ኃይለኛ ቢሆን ልቡ የታመመው ሰው ምን ይሆናል? ማርም ሲበዛ ይመራል ይባል የለ። እኔ ቅጠልና ክኒን ሳወዳድር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምን ያህል እንደወሰድኩ ማወቅ እችላለሁ? ባላውቅስ ምን ያመጣብኛል? ይሄ ጥያቄ አንዳንዴ ወደ ጓዳ፣ አንዳንዴ ወደ ፋርማሲ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ላቦራቶሪ ይልካችኋል።

የኮሶ ነገር

ወደ እትዬ ልመለስ። ጥሬ ሥጋ እንወዳለን፤ ክትፎውንም ለብ ለብ ነው የምናደርገው። የኮሶ ትል የሚመጣው ከዚያ ነው፤ አንጀት ውስጥ ተደላድሎ ከ4 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጡት ለዚህ ነበር። የሴቴዋን ዛፍ ቀይ አበባ ማድረቅ፣ መውቀጥ፣ በውኃ ወይም በጠላ መበጥበጥ፣ በባዶ ሆድ ግጥም ማድረግ። ፊቱን ያኮሳተረን ሰው "ኮሶ የጠጣ ይመስላል" የምንለው በከንቱ አይደለም።

ይሄ ደግሞ ከጎንደር ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚህ ከተማ ገባ። ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች ያክም ነበር። ኮሶን አይቶ፣ ጽፎ፣ ሥዕሉን ጭምር ለአውሮፓ ያስተዋወቀው እሱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ከእኛ ደጋ የሄደ አበባ ይሸጡ ነበር። እንግዲህ የኛ ቅጠል የእነሱ ክኒን የሆነበት ዘመንም ነበረ። ስለዚህ "ኮሶ ዝም ብሎ ልማድ ነው" የሚላችሁን አትስሙ። ይሠራል።

ግን በጋዜጣ የተጠቀለለው አበባ ውስጥ ስንት መድኃኒት አለ? እትዬም አያውቁም፣ ሻጯም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። የበቀለበት ቦታ፣ የተለቀመበት ወቅት፣ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ይለያያል። ያረጀው ይደክማል፣ ትሉንም ሳይነካው ያልፋል። ትኩሱ በብዛት ሲጠጣ ደግሞ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ራስ ያዞራል፤ የዓይን ነርቭ ጎድቶ ዓይን ያጠፋበት፣ ሰው የገደለበትም ጊዜ አለ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ መጠጣት የለባትም፤ ያስወርዳል። ስለ እንቆቆና ስለ መተሬም የምለው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ትል ላይ ይሠራሉ፣ ልካቸው ግን በእፍኝ ነው።

በሌላው ሚዛን ላይ ኒክሎሳማይድ አለ። አዋቂ ከሆኑ ባለ 500 ሚሊግራሙን 4 ፍሬ በደንብ አኝኮ በአንድ ጊዜ መዋጥ ነው። ወደ ደም ብዙም አይገባም፤ እዚያው አንጀት ውስጥ ከትሉ ጋር ይጨራረሳል። ፕራዚኳንቴልም አለ፤ ሐኪሙ እንደ ክብደታችሁ ያዝላችኋል። የሚገርመኝ ነገር፣ ኒክሎሳማይድ መጀመሪያ የተሠራው ለሰው አልነበረም፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ውኃ ውስጥ ለመግደል ነበር። የኮሶ ትል መድኃኒት መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው።

ቀንድ አውጣ ሲነሣ እንዶድን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲሠራ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ስንት ሺህ ሰው ያለፈበት ወንዝ ነው፤ ቆም ብሎ "ለምን?" ያለው እሱ ነው። ለዚህ ሥራ እሱና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። ጎርጎራ ሄዳችሁ ጣና ውስጥ ከዋኛችሁ ቢልሃርዚያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ግን አደራ፣ እንዶድ ለልብስና ለወንዝ ነው፤ አይጠጣም። እዚህ አገር "ለማስወረድ" ብለው ጠጥተው የተጎዱ ሴቶች ታሪክ አዲስ አይደለም።

የእኔ ፍርድ፣ ለትል ክኒኑ ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ሰገራ ተመርመሩ። ሆዴን ቆረጠኝ የሚል ሁሉ የኮሶ ትል የለበትም፤ ጃርዲያ ወይም አሜባ ከሆነ ኮሶውም ኒክሎሳማይዱም ዋጋ የለውም።

ወባ ላይ ምርጫ የለም

ደምቢያን የሚያውቅ ወባን ያውቃል። በ1953 እዚያ የተነሣው ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር፤ ኮሌጁ በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ላይ እንዲከፈት ካደረጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው ይባላል። አሁንም ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደው የሚመለሱ ልጆች እየተንቀጠቀጡ ይመጣሉ። አንዳንዱ "የወባ ክኒኑ ኮአርተም እኮ ከአርቲሚሲያ ነው የሚሠራው፤ አርቲሚሲያ ደግሞ ያው ጭቁኝ ነው፤ ሻይውን ብጠጣስ?" ይለኛል።

ግማሹ እውነት ነው፤ ክፉውም ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ወባ ላይ የሚሠራ ቅጠል ስትፈልግ ከ1600 ዓመት በፊት የተጻፈ የቻይና የመድኃኒት መጽሐፍ አገኘች። ቅጠሉን አፍልታ ስትሞክር አልያዝ ብሏት ነበር። መጽሐፉ ግን አፍሉት አይልም፤ በውኃ ዘፍዝፋችሁ ጨምቁት ነው የሚለው። እሳቱ መድኃኒቱን እያጠፋው እንደሆነ ገባት፤ ሳታፈላ በኤተር አወጣችው፣ በ1972 ዋናውን ነገር ለየችው፣ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። አሁን ተመልከቱ። የእኛ ጭቁኝና አሪቲ የዚያ ተክል ዘመዶች እንጂ ራሱ አይደሉም። የቻይናውን ራሱን ብትተክሉም ሻይ ማፍላት ቱ ዩዩ የወደቀችበትን መንገድ መድገም ነው። ውኃ መድኃኒቱን በደንብ አያወጣውም፤ የሚወጣውም መጠን በየስኒው ይለያያል። ትኩሳቱ ሁለት ቀን ቀለል ይልና ተመልሶ ይመጣል፤ የወባው ጥገኛ ተሕዋስም መድኃኒቱን መልመድ ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለወባ የአርቲሚሲያ ሻይ አትጠቀሙ ብሏል።

ኮአርተም ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ ነው። አገራችን ከ2004 ጀምሮ ፋልሲፓረም ለሚባለው ወባ ትጠቀምበታለች። አዋቂ በ3 ቀን ውስጥ 24 ፍሬ ይጨርሳል። "ተሻለኝ" ብሎ በሁለተኛው ቀን ማቆም የለም። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አይነገረውም፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ አይሠርጽም። ወተት ይሻላል። ጾም ከሆነ ደግሞ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ዘይት ያለው ሽሮ ይበቃል፤ ለመተማ ልጅ ሰሊጥ ይጠፋዋል? ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚነሣ። ስለዚህ ጣታችሁን ሳትወጉ፣ ደማችሁ ሳይታይ ቅጠልም ክኒንም አትጀምሩ።

ጓዳው የሚያሸንፍበት

ጉንፋን ላይ እኔ ራሴ ከፋርማሲዬ ምንም አልወስድም። ዝንጅብል፣ ማር፣ ጤና አዳም ያለበት ሻይ፣ እረፍት። ምች ነው ካላችሁ ዳማ ከሴውን ጨምቁ፣ ታጠኑ፤ እናቴ እስካሁን ትጨምቅልኛለች፣ እኔም እምቢ አልልም። የሳል ሽሮፕ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ከማር ብዙም አይበልጥም። ልጅ ከዓመት በታች ከሆነ ብቻ ማር አትስጡት። አሞክሳሲሊን ስጠኝ የሚለኝ ሰው ደግሞ አያልቅም። ጉንፋን በቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን ቫይረስን አይነካም። ስከለክለው ተቆጥቶ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል፤ እዚያ ይሰጡታል፤ ይሄ ያናድደኛል።

ተቅማጥም እንደዚሁ ነው። ቅጠል ከመቀጥቀጥና ክኒን ከመግዛት በፊት ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት)። ከሌለ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከዚህ የረከሰና ብዙ ሕፃን ያተረፈ መድኃኒት እኔ አላውቅም። ደም ካለበት ወይም ልጁ ከፈዘዘ ግን ሐኪም ቤት።

ጭርት ላይ የብሳና ፈሳሽ የሚቀቡ አሉ። ትንሽ ቦታ ከሆነ አልጣላም፤ ቅባቱ ግን ቆዳ ሳይልጥ ያድናል። ዓይን ውስጥ ግን ማንም፣ ምንም ቅጠል አይጨምቅባችሁ።

ስኳርና ደም ብዛት

አንድ ደንበኛዬ ነበሩ፤ ሜትፎርሚናቸውን በየወሩ ይወስዳሉ። ድንገት ጠፉ። ከስድስት ወር በኋላ ከስተው መጡ፤ ሽፈራው ጀምረው ክኒኑን ጥለውት ነበር። ስኳራቸውን ስንለካ ከ400 በላይ አነበበ። ሽፈራው ስኳር አያወርድም አልልም፤ ቅጠሉ ጥሩ ምግብ ነው፣ ከወጥ ጋር ብሉት። ግን ዛሬ ስንት እንዳወረደ፣ ነገ ስንት እንደሚያወርድ ማን ነገራችሁ? ስኳር ሕመም ሳያስጮህ ነው ዓይንና ኩላሊት የሚበላው። ለመቅመቆና ለነጭ ሽንኩርት በደም ብዛት ላይ የምለውም ይሄንኑ ነው። እምነት ካላችሁ ጨምሩት፤ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ክኒኑን ግን አታቁሙ፤ በየሳምንቱም ተለኩ። ቁጥሩ ይናገር።

ኢንሱሊን ላይማ ወሬ የለም። ኢንሱሊን የታዘዘለት ልጅ በቅጠል አንድ ሳምንት አይቆይም። "የአሳማ ነው እንዴ?" ብለው የሚጠይቁኝ እናቶች አሉ። ነበር። በ1921 ካናዳ ውስጥ ሲገኝ ከእንስሳ ቆሽት ነበር የሚወጣው፣ ብዙ ዓመት ከከብትና ከአሳማ ነበር። ከ1982 ጀምሮ ግን ባክቴሪያ የሠራው የሰው ኢንሱሊን ይሸጣል፤ ዛሬ ከፍሪጄ የምሰጣችሁ የዚያ ዓይነቱ ነው። ስለዚህ በዚህ አትጨነቁ። ቅዝቃዜውን ነው የምትጠብቁት።

ሁለቱን ስትቀላቅሉ

ብዙ ሰው አይመርጥም፤ ሁለቱንም ይወስዳል፤ ለሁለቱም ሻጭ አይናገርም። ልባቸውን በልጅነት የቶንሲል በሽታ የጎዳቸው፣ ዋርፋሪን የሚወስዱ ልጆች አሉ። ዋርፋሪን ራሱ አስገራሚ ዘር አለው፤ በ1920ዎቹ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም ብሎ ሞቱ፤ ያንን ያደረገው ነገር ሲለይ ነው መድኃኒቱ የተወለደው። ደም ያቀጥናል። ነጭ ሽንኩርትም በብዛት ያቀጥናል። ወጥ ውስጥ ያለው ችግር የለውም፤ በየጠዋቱ በማር አምስት ስድስት ፍንክት የሚውጥ ሰው ግን ከዋርፋሪን ጋር ሲደርብ ድድ ይደማል፣ አፍንጫ ይደማል፣ የባሰም አለ። ጸበል ግን ከክኒን ጋር አይጣላም፤ ክኒኑን በጸበሉ ዋጡት፤ "ጸበል ላይ ስለሆንኩ አቁሜዋለሁ" የሚለው ነው የሚገድለው፤ በተለይ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ።

ስትገዙ

ክኒንም ይዋሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እንዳለው ደሃና መካከለኛ አገሮች ውስጥ ከ10 መድኃኒት አንዱ ጥራት የጎደለው ወይም አስመስሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ "ከፋርማሲ ስለሆነ ልክ ነው" አትበሉ። አንድ ጊዜ አከፋፋይ ያመጣልኝ ካርቶን ላይ የጊዜው ማብቂያ ተፍቆ ሌላ ቀን ተጽፎበት አግኝቻለሁ፤ መለስኩት፣ ሰውየው ግን እኔን ነበር የተቆጣው። ካርቶኑን አስከፍቱ፣ ቀኑን አንብቡ፣ ፊደሉ የተዛባ ከሆነ፣ ክኒኑ የሚፈረካከስ ከሆነ አትውሰዱ። ከሱቅ ወይም በየመንገዱ ከሚሸጥ ከረጢት አትግዙ። ቆላ የምትወርዱ ደግሞ መድኃኒት መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ሙቀቱ ይበላዋል።

ቅጠሉንም እንደዚያው። የተፈጨ አትግዙ፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። አበባውን ወይም ቅጠሉን ሙሉ ስታዩት ቢያንስ ምን እንደሆነ የምታውቅ እናት ታውቀዋለች። "ሁሉን ያድናል" ካሏችሁ ተነሡና ሂዱ።

እትዬ በመጨረሻ ምን አደረጉ? ሐኪም ቤት ሄደው ተመርምረው የኮሶ ትል መሆኑን የሚል ወረቀት ይዘው መጡ፤ አራቱን ፍሬ ገዙ። ከሳምንት በኋላ በበሩ ሲያልፉ እንዴት ሆነ አልኳቸው። "ክኒንህስ ሠራ" አሉ፤ ደስ ያላቸው ግን አልመሰለኝም። "ኮሶ ስጠጣ እኮ ልጆቼ ቀኑን ሙሉ ሥራ አያስነኩኝም ነበር። አሁን ክኒኑን ውጬ በዚያው ቀን እንጀራ ጋገርኩ።"